ሳይቃጠል በቅጠል፤ ከመኪና ሥር ስለምትንጠባጠበው ዘይት

በቢቸናም ሆነ በሞጣ ጧት በማለዳ ወጥቶ የሚዘዋወር ሰው፤ መኪና ባደረበት ስፍራ ሁሉ በመሬቱ ላይ የጠቆረ የዘይት ነቁጥ ያያል። ነቁጡ አንዳንድ ጊዜ የሳንቲም፤ አንዳንድ ጊዜም የእንጀራ ምጣድ ያህል ይሆናል። ሾፌሩ መጥቶ ሞተሩን ያስነሣል፤ ረዳቱ ከጎማው ሥር ታኮውን ያነሣል፤ መኪናውም ይሄዳል፤ ነቁጡ ግን ከዚያው ይቀራል። ነቁጡን አይቶ «ይህ ዘይት ከየት መጣ? ስለምንስ ወጣ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እጅግ ጥቂት ነው። ይህም በእነዚህ በሁለቱ ከተሞች ብቻ ሳይሆን በመላው አገራችን የሚታይ ልማድ ነው።

በዛሬው እሑድ ስለዚህ ነቁጥ ልንጽፍ የተነሣነው፤ ነገሩ የሾፌርና የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ነው የሚለውን አስተያየት ስለማንቀበል ነው። መኪናው የመንግሥት ቢሆን ገንዘቡ የሕዝብ ነው፤ የግል ቢሆንም ተሳፋሪው የሰው ልጅ ነው። ስለዚህ ገና መሥሪያ ቤት ተረክቦ መኪና የሚያዝዘው ወጣት ሹምም፤ በትምህርት ቤት የሚገኘው ተማሪም ነገሩን አውቆ ሊፈርድ ይገባዋል። የምንለውም በአጭሩ ይህ ነው፤ የሚያንጠባጥብን መኪና ዘይት እየጨመሩ መንዳት ጥገና አይደለም፤ የላሸቀውን ጎማ በአዲስ መለወጥም ብቻውን ጥገና አይደለም፤ ጥገና ማለት ዘይቱ ስለምን እንደ ወጣ መርምሮ ምክንያቱን ማስወገድ ነው።

አስቀድመን አገሩን እናስታውስ። ቢቸና የእነማይ፤ ሞጣም የሁለት እጁ እነሴ ዋና ከተማ ናቸው። ሁለቱም ከጮቄ ተራራ ግርጌ በተዘረጋው ደጋ ላይ፤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ገደማ ከፍ ብለው ይገኛሉ። ከተራራው የሚነሡት እንደ ሙጋና እንደ ሱሃ ያሉት ወንዞች ምድሩን እየሰነጠቁ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚገባ መኪና በክረምት ከዋልካው ጭቃ ጋር ይታገላል፤ ጅረት ያቋርጣል፤ በበጋ ደግሞ አቧራ ይለብሳል። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውም ደጀን ሲደርስ የዓባይን በረሓ መውረድ ግዴታው ነው። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፤ መኪናው በዚህ አጭር መንገድ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ የተከፈተውን ድልድይ ይሻገራል፤ ከዚያም እንደገና ያንኑ ያህል አቀበት ይወጣል። እንግዲህ ጭቃው፤ አቧራው፤ ቁልቁለቱና አቀበቱ ሁሉ ተደማምሮ የሚያርፈው፤ ከመዳፍ በማትበልጥ በአንዲት የጎማ ቀለበት ላይ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእጅ ማርሽ የሚነዳ መኪና የሞተሩን ጉልበት በፍሪሲዮን በኩል ወደ ካምቢዮ፤ ከካምቢዮም ወደ ዲፈረንሻል ያስተላልፋል። ዲፈረንሻሉም ጉልበቱን ለሁለት ከፍሎ፤ አክስል በሚባሉት ሁለት ዘንጎች አማካይነት ለግራና ለቀኝ ጎማ ያድላል። እንደ ኮሮላ ባሉት፤ የፊት ጎማቸው በሚጎትታቸው የቤት መኪናዎች፤ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ በአንድ ቤት ውስጥ ስለሚኖሩ ዘንጎቹ የሚወጡት ከዚያው ቤት ግራና ቀኝ ነው። በሃይሉክስ ፒካፕና በመሰሎቹ ግን ዲፈረንሻሉ ከኋላ በጎማዎቹ መካከል ይቀመጥና ዘንጎቹ በወፍራም ቱቦ ውስጥ ተሸፍነው እስከ ጎማው ድረስ ይሄዳሉ። በአንዱም ሆነ በሌላው ዘንጉ ይዞራል፤ ቤቱ አይዞርም። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ካልተዘጋ ዘይቱ ይፈስሳል፤ ከመጠን በላይ ቢጠብቅ ደግሞ ሰበቃው ጎማውንም ዘንጉንም ይበላል።

ይህን አስቸጋሪ ሥራ የሚሠራው ኦይል ሲል የሚባለው ቀለበት ነው። ውጩ ብረት ነው፤ ውስጡ ጎማ ነው፤ ጎማውም እንደ ከንፈር ስስ ሆኖ ዘንጉን ዙሪያውን ይነካል። ከከንፈሩ ጀርባ ቀጭን የሽቦ ስፕሪንግ ታጥቆ ከንፈሩ ከዘንጉ እንዳይለይ ያደርገዋል። ከንፈሩና ዘንጉ በሚገናኙበት ላይ በዐይን የማትታይ ስስ የዘይት ሽፋን አለች፤ እርስዋ ባትኖር ጎማው በሰበቃ ተቃጥሎ ባለቀ ነበር። ይህ ቀለበት ድሮ ከቆዳ ይሠራ ነበር። በጀርመን አገር በቫይንሃይም ከተማ ቆዳ በማልፋት ሥራ የተቋቋመው የፍሮይደንበርግ ቤት፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት በመጀመሪያ ከቆዳ፤ በኋላም ሰው ሠራሽ ከሆነ ጎማ እየሠራ በዓለም ገበያ ስም ያወጣበት ዕቃ ነው። ይህን የቆዳ ሠራተኛ ነገር አንባቢ በልቡ ያቆይልን፤ ወደ ፍጻሜው እንመለስበታለን።

አሁን ተማሪ የሆነ ሁሉ እርሳሱን ያንሣና አብሮን ያስላ። ከአንድ መኪና ካምቢዮ በየደቂቃው አንዲት ጠብታ ብቻ ትወድቃለች እንበል። በአንድ ቀን ውስጥ 1440 ደቂቃ አለና 1440 ጠብታ ይወድቃል። 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ያህል ይሆናል ብንል፤ በቀን 72 ሚሊ ሊትር ይፈስሳል ማለት ነው። በ28 ቀን ውስጥም 2016 ሚሊ ሊትር፤ ማለት ሁለት ሊትር ይሆናል። የአንድ ትንሽ የቤት መኪና ካምቢዮ የሚይዘው ዘይት ደግሞ ጠቅላላው ሁለት ሊትር ያህል ነው። እንግዲህ «ትንሽ ነው የምታንጠባጥበው» የተባለላት መኪና አንድ ወር ሳይሞላ ካምቢዮዋ ባዶ ሊቀር ይችላል። ካምቢዮ ደግሞ እንደ ሞተር ዘይት መጉደሉን በመብራት አያስታውቅም፤ አብዛኛውን ጊዜ መለኪያ ዘንግ እንኳ የለውም። በመጀመሪያ የሚሰማው ኩሽኔታው እያለቀሰ ነው፤ ለቅሶው ሲሰማም ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሷል። የአንድ ኦይል ሲል ዋጋ ከአንድ ካምቢዮ ዋጋ ጋር እንደማይወዳደር ለማስረዳት ቃል ማብዛት አያስፈልገንም።

ዘይቱ ስለምን ይወጣል? ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። አንደኛው እርጅና ነው፤ ጎማው በሙቀትና በዘመን ብዛት ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል፤ ከንፈሩም ዘንጉን መከተል ይሳነዋል። ሁለተኛው ዘንጉ ራሱ ከንፈሩ በሚነካው ላይ ዙሪያውን ተቦርቡሮ መገኘቱ ነው፤ በጣት ጥፍር ሲዳሰስ ጥፍርን የሚይዝ ጎድጓዳ መሥመር ካለበት አዲሱም ኦይል ሲል ብዙ አይቆይም። ሦስተኛው የኩሽኔታ መላላት ነው፤ ኩሽኔታው ከላላ ዘንጉ ይዋዥቃል፤ የሚዋዥቅ ዘንግ ደግሞ ጎማውን በአንድ ወገን እየጨፈለቀ በሌላው ወገን ይለቅቀዋል። አራተኛው የሠራተኛ ጥድፊያ ነው፤ ለሌላ ሥራ አክስሉን ሲነቅሉና ሲመልሱ የዘንጉ ጥርስ ከንፈሩን ይቆርጠዋል፤ ወይም ኦይል ሲሉ በመዶሻ ሲመታ ተንጋድዶ ይገባል። አምስተኛው ከልክ በላይ ዘይት መሙላት ነው፤ «ይብዛ እንጂ አይነስ» የሚለው ፍርድ ለወጥ ይሆን እንደሆነ እንጂ ለካምቢዮ አይሆንም።

ስድስተኛውን ለብቻው ልንናገረው ፈልገናል፤ ምክንያቱም በዓባይ በረሓ መንገድና በዋልካ አገር በብርቱ ሊታሰብበት የሚገባ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። በካምቢዮና በዲፈረንሻል ቤት አናት ላይ መተንፈሻ የምትባል ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ በአንዳንዱ መኪና ትንሽ ክዳን፤ በአንዳንዱም ቀጭን የጎማ ቱቦ አላት። መኪናው ጭነቱን ይዞ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን በዝቅተኛ ማርሽ ሲወጣ በውስጡ ያለው ዘይትና አየር ይግላል፤ የጋለ አየር ደግሞ ይነፋል፤ መውጫም ይሻል። መተንፈሻዋ ክፍት ከሆነች አየሩ በእርስዋ ይወጣል፤ ጭቃና አቧራ ከደፈናት ግን ግፊቱ በሙሉ በኦይል ሲሉ ከንፈር ላይ ይሆንና ዘይቱን ወደ ውጭ ይገፋል። መኪናው ደጋ ደርሶ ሲቀዘቅዝ ወይም በጋለ ገላው ወደ ጅረት ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በዚያው በከንፈሩ በኩል ውሃና አቧራ ወደ ውስጥ ይስባል። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ከተገኘ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። እንግዲህ መተንፈሻዋን ሳያጸዳ ኦይል ሲል ብቻ የሚለውጥ ሰው፤ አዲሱንም እንደ አሮጌው ለማፍሰስ ያዘጋጀዋል ማለት ነው። መተንፈሻን ለማጽዳት የሚያስፈልገው ደግሞ ጨርቅ፤ ቀጭን ሽቦና የአምስት ደቂቃ ትዕግሥት ብቻ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት መመርመር ይገባል። መኪናው በደልዳላ ስፍራ ይቁም፤ ሥሩ በሚገባ ይታጠብ፤ ጥቂት ከተነዳም በኋላ ማታ ከሥሩ ንጹሕ ካርቶን ይነጠፍ። በማግስቱ ጠብታው የት እንደ ወደቀ፤ መልኩና ሽታው ምን እንደሚመስል ይታያል። የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ወፍራም ነው፤ የድኝ ሽታ የመሰለ የሚከረፋ ጠረን አለው። የሞተር ዘይት ሲያገለግል ይጠቁራል። የፍሬን ዘይት ቀጭን ነው፤ እርሱ ከታየ ግን መኪናውን ከዚያው ሳያንቀሳቅሱ መካኒክ መጥራት ነው። በአክስሉ ጫፍ ያለው የጎማ ሽፋን ተቀድዶ የሚረጨው ደግሞ ዘይት ሳይሆን ጥቁር ግሪስ ነው፤ ብዙዎች ይህን ከዚያ ያምታቱትና ያልታመመውን ያክማሉ።

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ሥራው በሥርዓት ይሠራ። መኪናው በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ ሰው ከሥሩ አይግባ፤ ጠንካራ ማስደገፊያ ይደረግለት፤ ታኮም አይረሳ። ዘይቱን ከማፍሰስ በፊት የመሙያው ቡሎን መፈታቱ ይረጋገጥ፤ አፍስሰው ከጨረሱ በኋላ መሙያው አልፈታ ያላቸው ሰዎች ከሞጣ ባሕር ዳር ድረስ መኪና ሲያስጎትቱ ቢገኙ አያስደንቅምና። አሮጌው ኦይል ሲል ሲነቀል የተቀመጠበት ቤት አይጫር። አዲሱ ከአሮጌው ጋር በቁጥሩም በመጠኑም ይመሳከር፤ በብዙ መኪና የግራውና የቀኙ የተለያዩ ናቸውና። ዋጋው ረከሰ ተብሎ ስሙ ብቻ የተጻፈበት ላስቲክ ከመግዛት፤ ከባሕር ዳርም ሆነ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሲገዛ አሮጌውን በእጅ ይዞ መሄድ ይሻላል። ሲገባም ዙሪያውን እኩል በሚገፋ ክብ ቱቦ ቀስ እየተባለ፤ አሮጌው እስከ ነበረበት ጥልቀት ይግባ፤ ከንፈሩም ዘይት ይቀባ። አክስሉ ሲመለስ ክብደቱ በከንፈሩ ላይ እንዳያርፍ በእጅ ተደግፎ ቀጥ ብሎ ይግባ። ዘይቱም የመኪናው መጽሐፍ ያዘዘው ዓይነት ይሁን፤ በመሙያው ቀዳዳ ከንፈር ልክ ሲደርስም ይቁም። ለዲፈረንሻል የሚሆነው ሁሉ በካምቢዮ ውስጥ ላሉት የነሐስ ቀለበቶች ይስማማል ማለት አይደለም። የወጣው አሮጌ ዘይት በዕቃ ይጠራቀም እንጂ ወደ ጅረት አይደፋ፤ ከታች ያለው ሰውና ከብት ያንኑ ይጠጣልና።

ከኋላ ታምቡር ፍሬን ላላቸው መኪናዎች ደግሞ የሚበልጥ አደጋ አለ። በጎማው አጠገብ ያለው ኦይል ሲል ካፈሰሰ ዘይቱ መሬት ላይ ሳይታይ በታምቡሩ ውስጥ ይጠራቀምና የፍሬኑን ሸራ ያረጥበዋል። ዘይት የጠጣ ሸራ አይዝም፤ ወይም በአንድ ወገን ብቻ ይዞ መኪናውን ወደ ጎን ይስባል። ይህ በሞጣ አደባባይ ቢደርስ ድንጋጤ ሆኖ ያልፍ ይሆናል፤ ከደጀን በታች በቁልቁለቱ ቢደርስ ግን ምን እንደሚሆን ለአንባቢ እንተዋለን። አንዳንዶች ሸራውን በቤንዚን ያጥቡታል፤ አንዳንዶችም ዘይቱ እንዲቃጠል በእሳት ይለበልቡታል። ይህ ራስን ማታለል ነው፤ ዘይቱ ወደ ሸራው ውስጥ ገብቷልና ፍሬኑ ሲግል ተመልሶ ይወጣል። ሸራው በግራም በቀኝም አንድ ላይ ይለወጥ፤ ከዚህ ያነሰ ነገር በተሳፋሪ ነፍስ ላይ መቆጠብ ነው።

ይህን ሁሉ ብዙ መካኒኮች ያውቁታል። ታዲያ ጉዳቱ ስለምን አይቀንስም ቢሉ፤ ከዕውቀቱ ይልቅ የሥራው አካሄድ ይጎድላል ብለን እንመልሳለን። በብዙ መሥሪያ ቤት የሚሰማውን ንግግር ተመልከቱ፤

«ጋሼ፤ መኪናው ደኅና ነው? ነገ መስክ እንወጣለን» ይላል ወጣቱ ኀላፊ።

«ደኅና ነው አለቃ፤ ትንሽ ዘይት ታንጠባጥባለች እንጂ።»

«ታስኬዳለች ወይ?»

«ታስኬዳለች፤ ዘይት እየጨመርን እንሄዳለን።»

ንግግሩ በዚሁ ያበቃል። ሾፌሩ አላበለም፤ ተናግሯል። ኀላፊውም አልከለከለም፤ ነገር ግን «ከየት ነው የምታንጠባጥበው? ከመቼ ጀምሮ?» የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች አልጠየቀም። ሾፌሩ በበኩሉ የጥገና ጥያቄ ቢጽፍ፤ ለአንዲት ቀለበት ከሦስት ነጋዴ ፕሮፎርማ ማምጣት፤ ፊርማ ላይ ፊርማ መጠበቅ፤ ከዚያም ዕቃው በከተማው ስለማይገኝ ሌላ ቀን መቅጠር እንዳለ ያውቃል። ስለዚህ ዘይት መጨመር ይቀልለዋል። ካምቢዮው ሲደቅቅ ግን ሥራው ይቆማል፤ ፋይሉም ይወፍራል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ይፈርማል።

እኛ የመንግሥት ገንዘብ ያለ ቁጥጥር ይውጣ አንልም። ፕሮፎርማ የተደነገገው ለሌብነት መከልከያ ነውና እንዲፈርስ አንሻም። የምንለው ግን ለትንሽ ጥገና የሚሆን ትንሽ ገንዘብና ትንሽ ሥልጣን በቅርብ ኀላፊ እጅ ይኑር፤ አወጣጡም በመዝገብ ይመርመር ነው። ሁለተኛም የየመሥሪያ ቤቱ መኪና ዓይነት የታወቀ ስለሆነ፤ ክረምት ሳይገባ ለእያንዳንዱ የሚሆን ኦይል ሲልና የካምቢዮ ዘይት በዕቃ ግምጃ ቤት ይቀመጥ። ሦስተኛም በመኪናው ውስጥ የሚኖር ደብተር ይኑር፤ ዘይት የተጨመረበት ቀን፤ መጠኑና የተነዳው ኪሎ ሜትር ይጻፍበት። ሦስት ጊዜ ዘይት ተጨምሮ የተጻፈበት ደብተር ለሚያነብ ኀላፊ ከማንኛውም ሪፖርት ይልቅ ይናገራል። «ቦሎ ተለጥፎበታል» ማለትም መልስ አይሆንም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 681 ተሽከርካሪ እንዲመረመር ማዘዙ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ምርመራው መኪናው በዚያች ዕለት እንዴት እንደ ነበረ ይመሰክራል እንጂ ለቀሩት ቀናት ዋስ አይሆንም። የቀሩት ቀናት ዋስ የባለቤቱ ዐይን ነው።

የጎማ ቀለበት ነገር በሥልጡኖቹም አገር ሰው ጨርሷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጃንዋሪ 28 ቀን 1986፤ በእኛም በ1978 ዓ.ም.፤ ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በተነሣች በ73 ሴኮንድ ውስጥ በአየር ላይ ተበታትና ሰባት ሰዎች አለቁ። ምክንያቱ ሲመረመር በሮኬቷ መጋጠሚያ ላይ ያለው የጎማ ቀለበት በዚያን ዕለት ብርድ ደርቆ መጋጠሚያውን ሳይደፍን መቅረቱ ታወቀ። ሪቻርድ ፋይንማን የተባለው የፊዚክስ ሊቅም ከዚያ ጎማ ቁራጭ ወስዶ በመርማሪዎቹ ጉባኤ ፊት በበረዶ ውሃ ውስጥ ነክሮ፤ የቀዘቀዘ ጎማ ወደ ቅርጹ ቶሎ እንደማይመለስ አሳየ። ይበልጥ የሚያሳዝነው ግን ሌላ ነው። መሐንዲሶች በዋዜማው ምሽት «በዚህ ብርድ አትነሣ» ብለው አስጠንቅቀው ነበር፤ አለቆቻቸው አልሰሟቸውም። የቢቸና ፒካፕ ከጠፈር መንኮራኩር ጋር ይነጻጸር አንልም፤ ነገር ግን የሚያውቅ ሰው ሲናገር የሚያዝዝ ሰው አለመስማቱ በሁለቱም አንድ ነው።

የሚያውቀው ሰው የማይሰማበት አንዱ ምክንያት ደግሞ በእኛ ዘንድ የቆየ ነው። እጁ ዘይት የነካ ሰው ዕውቀቱ ያነሰ ይመስለናል። ቀጥቃጩን፤ ሸማኔውን፤ ፋቂውን በሥራው ስንሰድብ ኖረናል። የመጀመሪያው አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ ያስነገሩትም በዚያው ዓመት ነው። መኪናውን ተቀበልነው፤ አዋጁን ግን በልባችን ገና አልተቀበልነውም። ከላይ እንደ ተናገርነው ዛሬ የዓለም መኪና ሁሉ ያለ እርሱ የማይሄድበትን ቀለበት ካሳደጉት አንዱ ቆዳ አልፊ ቤት ነው። እኛ ፋቂ ብለን የምናቃልለው እጅ በሌላው አገር ፋብሪካ አቆመ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ በባሕር ዳር የተቋቋመው ፖሊቴክኒክም ይህንኑ ንቀት በትምህርት ለመሻር ከተደረጉት ጥረቶች አንዱ ነው። ስለዚህ ተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ዲግሪያቸውን ይዘው ጋራዥ ሲገቡ መካኒኩን «ምን ሆነ?» ብለው ብቻ ሳይሆን «እንዴት ዐወቅህ?» ብለው ይጠይቁት፤ ከመልሱ ብዙ ያተርፋሉ።

ይህን ጊዜ ነገሩን አጣዳፊ የሚያደርግ ሌላም ምክንያት አለ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወሳል። እንግዲህ በእጃችን ያሉት በእጅ ማርሽ የሚነዱት አሮጌ መኪናዎች በቀላሉ ምትክ የሚገኝላቸው አይደሉም። «ወደ ፊት ሁሉም በኤሌክትሪክ ይሆናልና ይህ ዕውቀት ይቀራል» የሚል ቢኖርም ተሳስቷል፤ በኤሌክትሪክ የሚሄደው መኪናም ከሞተሩ ወደ ጎማ ጉልበት የሚያስተላልፍ ጥርስ፤ ጥርሱን የሚያለሰልስ ዘይት፤ ዘይቱንም የሚከለክል ኦይል ሲል አለው። መኪናው ይለወጣል እንጂ የሚዞር ዘንግና የማይዞር ቤት መገናኘታቸው አይቀርም።

አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ሲሉ የተናገሩት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ነገ ጧት ከቢቸናም ሆነ ከሞጣ መኪና አዝዞ መስክ የሚወጣ ወጣት ሹም፤ ከመሳፈሩ በፊት አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ከመኪናው ሥር ይመልከት። ነቁጥ ካየ ሾፌሩን አይቆጣው፤ ከየት እንደ መጣ ይጠይቀው፤ መልሱንም በደብተር ያስጽፈው፤ ጥገናውንም ዛሬውኑ ይፈርምለት። ጎንበስ ማለት ሹመትን አይቀንስም፤ የሰው ነፍስ ግን ያተርፋል።